ከጥቅሉ በፊት መስመሩ፦ ግንደወይን ላይ ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ቤት ለማስገባት

ግንደወይን ላይ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጥቅል ማሳደግን ነው። 2 ሜጋው ወደ 4፣ 4ቱ ወደ 8 ይሸጋገራል፤ ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ቪዲዮው ግን እንደ ድሮው እየቆመ እየተነሣ ይሄዳል። ኢንተርኔት ከሩቅ ሰርቨር ተነሥቶ እጅ ላይ እስካለው ስልክ ድረስ ረጅም መንገድ ይመጣል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከዚያ ሁሉ መንገድ በጣም ጠባብ የሆነው ቦታ ነው። ጠባቡ ቦታ ቴሌ ጋ ከሆነ አዲስ ራውተር መግዛት አይረዳም። ጠባቡ ቦታ በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ጥቅል ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ከቤቱ ይጀምራል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ሰፈሩ ድረስ የሚደርሰው መስመር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ከቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሥራውን ተረከበ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ አገልግሎት ጀመረ። ዛሬ ኢንተርኔት ወደ አንድ ቤት የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ፋይበር፣ የመዳብ የስልክ መስመርና ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ በአንዱ ሰፈር ያለው በሌላው ላይኖር ይችላል። ወደ ቴሌ ሱቅ ሲሄዱ “ስንት ብር ነው?” ከማለት በፊት የቤቱን ትክክለኛ ቦታ ወይም በቅርብ ያለውን የታወቀ ድርጅት ስም ተናግረው “እዚህ ድረስ ፋይበር ይደርሳል? ካልደረሰ የመዳብ መስመር አለ?” ብለው ይጠይቁ። ጎረቤት ያስገባ ካለ ከማንም በላይ የሚታመነው የእሱ ልምድ ነው።

ፋይበር የሚደርስ ከሆነ ምርጫው አልቋል፤ ሌላውን ይተዉት። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ስለሚሄድ ርቀትም ዝናብም ያን ያህል አይጎዳውም፤ በአካባቢው መብረቅ ሲወድቅም እንደ መዳብ መስመር ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ወደ ቤት አይገባም። ጥንቃቄ የሚሻው አገባቡ ነው። ቀጭኑ ገመድ በበር መቃን ጥግ ላይ ታጥፎ በሚስማር ከተመታ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ይባክናል። ባለሙያው ገመዱን ሲዘረጋ አጠገቡ ይቁሙ፤ በየማዕዘኑ ዘርጋ ብሎ እንዲዞር ይጠይቁት። ከመሄዱ በፊትም የብርሃኑን መጠን በመለኪያው እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ −27 ዲቢኤም ከቀረበ መስመሩ ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው፤ −20 አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከፋይበሩ ጋር በሚመጣው ሣጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ቤቱ ድረስ አልመጣም። ያኔ ራውተሩን ደጋግሞ አጥፍቶ ማብራት ዋጋ የለውም፤ ወደ ቴሌ የደንበኞች አገልግሎት፣ 994፣ መደወል ነው።

በመዳብ መስመር ላይ ሁሉን የሚወስነው ርቀት ነው። በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ የሚሰጠው የመዳብ ቴክኖሎጂ ያን የሚያደርገው ከቴሌው ካቢኔት በጣም ቅርብ ለሆነ ቤት ብቻ ነው፤ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ሲርቅ በፍጥነት ይወርዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መስመር ትልቅ ፍጥነት ከመግዛትዎ በፊት መስመሩ ስንት ሜጋ መሸከም እንደሚችል እንዲለካ ይጠይቁ። 3 ሜጋ ብቻ የሚሸከም ሽቦ ላይ የ8 ሜጋ ክፍያ መክፈል የለብዎትም። ቤት ውስጥ ደግሞ የስልኩና የሞደሙ መስመር የሚለያይበትን ትንሽ ማጣሪያ አይርሱ፤ እሱ ከሌለ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። በአየር ላይ ተጠቃልለው በጨርቅ የታሰሩ የሽቦ መጋጠሚያዎች በክረምት ውሃ ይገባቸዋል፤ ዝናብ ሲጥል የሚደክም መስመር ካለዎት መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

ሁለቱም ከሌሉ የሚቀረው የሲም ራውተር ነው። ከግንደወይን ወጣ ባሉ ቀበሌዎች፣ በቢቸናና በሞጣ ዳርቻዎችም ለብዙ ቤት ዋናው አማራጭ ይኸው ነው፤ በትንሽ ብልሃት ብዙ የሚሻሻለውም እሱ ስለሆነ ረዘም ያለ ትኩረት ይገባዋል።

ራውተር ከመግዛትዎ በፊት እጅዎ ላይ ባለው ስልክ ቤቱን ይፈትሹ። ስልክ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች አታላይ ናቸው፤ አንዱ ስልክ አራት የሚያሳይበት ቦታ ሌላው ሁለት ያሳያል። ትክክለኛው ቁጥር በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ ሲም ስታተስ በሚለው ሥር ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች የሆነ ዲቢኤም ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። ስልኩ 4ጂ ላይ መሆኑን አረጋግጠው፣ −85 ካዩ በጣም ጥሩ፣ −100 አካባቢ ከሆነ የሚያሠራ፣ ከ−110 ከወረደ ደካማ ነው ብለው ይያዙት። የ10 ዲቢኤም ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በኃይል ሲሰላ ግን አሥር እጥፍ ነው። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ካለዎትና የሳፋሪኮም ሲግናል በሰፈሩ ካለ፣ ሁለቱንም ሲሞች በዚያው ቦታ ያወዳድሩ። ኢትዮ ቴሌኮም የበረታበት ሰፈር አለ፤ ሌላው የሚበረታበትም ይኖራል፤ ይህን የሚያውቀው መለኪያው እንጂ ማስታወቂያው አይደለም።

አሁን ቁጥሩን እያዩ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ግቢ ይውጡ። ቆርቆሮ ሲግናል አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት በርና የላሜራ መስኮት ያለው ቤት ለኔትወርክ ታወሩ ሲግናል ግማሽ በግማሽ የተዘጋ ነው። ጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ያሳልፋል፤ በክረምት ሲርስ ይብስበታል። ብሎኬትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ታወሩ ያለበትን አቅጣጫ ከለዩ በኋላ ራውተሩን በዚያ በኩል ባለ መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚታለፍ ነገር አለ፦ ቀን ጥሩ የነበረው ኢንተርኔት ማታ የሚደክመው አንዳንድ ጊዜ ሰው ስለበዛ ሳይሆን የላሜራው መስኮት ስለተዘጋ ነው። መስኮቱን ከፍተውና ዘግተው ሁለት ጊዜ ቢለኩ እውነቱ ወዲያው ይታያል።

መስኮት ካልበቃ የውጭ አንቴና ይመጣል። አንቴና የሚቀበል ራውተር ከኋላው ሁለት ትንንሽ የብሎን መሰኪያዎች አሉት፤ ሲገዙ ይመልከቱ። አንቴናው ወደ ታወሩ የሚዞር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ገመዱ ግን አጭር ይሁን። 10 ሜትር ቀጭን የአንቴና ገመድ በጣሪያ ላይ ከተገኘው ሲግናል ከግማሽ በላይ ይበላል፤ አንዳንዱ ሰው አንቴና ሰቅሎ ምንም ለውጥ የማያየው ለዚህ ነው። ገንዘቡ ካለ የተሻለው፣ ራውተሩ ራሱ ከነአንቴናው ውጭ የሚሰቀልበት ዓይነት ነው። እሱ ወደ ቤት የሚወርደው በኔትወርክ ገመድ ስለሆነ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱ አይቀንስም። ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ብረት ሁሉ ግን መሬት የሚገባ የመብረቅ ገመድ ያስፈልገዋል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ የክረምት ነጎድጓድ እንዴት እንደሆነ ለግንደወይን ሰው መንገር አያስፈልግም። “ቡስተር” እየተባለ የሚሸጠውን ሲግናል ማጉያ ግን ይተዉት፤ የተሳሳተ ማጉያ የታወሩን ሥራ አውኮ የሰፈሩን ሁሉ ኔትወርክ ያበላሻል፤ እንዲህ ያሉ የሬዲዮ መሣሪያዎችም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሁንታ የሚያሻቸው ናቸው።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ራውተር ይላክለታል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ መሣሪያው በአንድ ኩባንያ የተቆለፈ እንዳይሆን፤ የተቆለፈ ከሆነ የአገር ቤቱን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛ፣ 1800 ሜጋኸርዝ በሚባለው የ4ጂ ሞገድ መሥራቱ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ራውተሮች ይህ ሞገድ የላቸውም፤ መጥተው ሲግናል ያጣሉ ወይም 3ጂ ላይ ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ኃይል ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆኑ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በ220ው መስመር ሲሰካ ይቃጠላል። ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የሞዴሉን ስም ቢልክ ሁሉም በስልክ ይጣራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ ስሕተቱ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ ስንት ሜጋ እንደሚያስፈልግ ይሰላል። 4 ሜጋ የሚባለው በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ግን በባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ሜጋ መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ያወርዳል። 700 ሜጋ ባይት ፊልም በዚያ መስመር 23 ደቂቃ ይፈጃል። ይህን የሚያውቅ ሰው “ተጭበረበርኩ” ብሎ አይናደድም። ዩቲዩብ በመካከለኛ ጥራት ማለትም በ480 ወደ 1.1 ሜጋ ይፈልጋል፤ በ720 ደግሞ 2.5፣ በ1080 ወደ 5 ሜጋ። የዙም ጥሪ ለሁለት ሰው ከ1 ሜጋ ብዙም አያልፍም፤ ዳሩ ግን ያንኑ ያህል ወደ ላይ መላክም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ወይም ከውጭ ካለ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች የመላኪያውንም ፍጥነት ይጠይቁ።

ሞጣ መንገድ ላይ አራት ሰው ያለበት ቤት አለ እንበል። አባት ዜና በ480 ያያል፣ ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው ዩቲዩብ በ480 ይከፍታሉ፣ እናት በዋትስአፕ ድምፅ ትነጋገራለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሠሩ 4 ሜጋ በቂ ነው፤ እውነተኛ 4 ሜጋ ከሆነ። 10 ሜጋ የሚያስፈልገው በ1080 የሚያይ ቴሌቪዥን ሲጨመር ወይም የግቢው ተከራይ ሲካፈል ነው። ለአብዛኛው ቤት፣ ያለምንም ማመንታት፣ የሚሻለው አነስተኛውን ፍጥነት ገዝቶ ወር ማየት ነው፤ ማሳደግ ሁልጊዜ ይቻላል።

በጊጋ ባይት የተወሰነ ጥቅል ላይ ስሌቱ ሌላ ነው። በ480 አንድ ሰዓት ቪዲዮ ግማሽ ጊጋ ያህል፣ በ720 ደግሞ 1.1 ጊጋ ይበላል። በቀን ሦስት ሰዓት በ480 የሚታይበት ቤት በወር 45 ጊጋ ይጨርሳል። ዩቲዩብን በ480 መገደብና የስልኮችን ራስ-ሰር ማሻሻያ ማጥፋት ብቻ ጥቅሉን ብዙ ቀን ያራዝመዋል። “ያልተገደበ” የሚለውን ሲገዙ ደግሞ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ፣ ሲሙ በራውተር ውስጥ መሥራት ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቁ። የጥቅሎቹ ዝርዝር *999# ላይ እና በቴሌብር መተግበሪያ ይገኛል።

ኢንተርኔቱ ከገባ በኋላ ይለካ። የመጀመሪያው ልኬት በኮምፒውተርና በገመድ፣ ገመድ ከሌለ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ሌላ ሰው ሳይጠቀም ይደረግ። ፋስት ዶት ኮምም ስፒድቴስትም ይበቃሉ። በማለዳ፣ በቀትርና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለኩ። ማለዳ 8 ሜጋ፣ ማታ 2 ሜጋ ከመጣ ታወሩ ተጨናንቋል፤ መድኃኒቱ ሌላ ሲም ወይም ማውረዱን ወደ ሌሊት ማዛወር ነው። በሦስቱም ሰዓት ራውተሩ ጋ 8፣ መኝታ ቤት 1 ከሆነ ግን ችግሩ የቤቱ ዋይፋይ ነው። አንድ ገጽ ብቻ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ቀን የአገሩ ተማሪ ሁሉ አንዱን ገጽ ሲያንኳኳ፣ ሌላው ሁሉ እየሠራ እሱ ብቻ ከቆመ መንስኤው ራውተሩም ጥቅሉም አይደለም፤ ያን ቀን ጥቅል አይጨምሩ።

የዋይፋዩ ነገር እንዲህ ነው። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ቢኖሩት ይመረጣል። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው፤ 5 ፈጣን ነው፣ ግን ከአንድ ሁለት ግድግዳ በላይ አይዘልም። ቴሌቪዥኑና ኮምፒውተሩ 5 ላይ፣ ሩቅ ክፍል ያለ ስልክ 2.4 ላይ ይሁኑ። ጎረቤት ሁሉ ራውተር ባለበት ሰፈር 2.4ን ከቻነል 1፣ 6 ወይም 11 በአንዱ ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ሦስቱ እርስ በርስ የማይረባበሹ ናቸው። መስመሩ ከ10 ሜጋ በታች ከሆነ “ዋይፋይ 6” ለሚል ውድ ራውተር ተጨማሪ ብር አይክፈሉ፤ ያ ገንዘብ ለገመድና ለባትሪ ቢውል የበለጠ ይሠራል።

ሰርቪስ ቤት ላለው ግቢ ሰዎች ዋይፋይ አስተላላፊ ይገዛሉ። አስተላላፊ በአንድ አየር ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲግናሉ የሞተበት ክፍል ውስጥ ከተሰካማ ጨርሶ አይጠቅምም። ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ በቱቦ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር ማድረግ ይሻላል። የሁለተኛው ራውተር አድራሻ ማደያ፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው፣ ይጥፋ። ገመድ ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይመልከቱ፤ ከላይ ቀይ ሆኖ ከውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ይደክማል። ሙሉ መዳብ የሆነው ካት 5ኢ በቂ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በቀጭን ሽቦና በጋራ ቆጣሪ በሚሠራ ግቢ ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርድና ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ኔት ከተቋረጠ ቴሌን ከመውቀስ በፊት ይህን ይፈትሹ። ራውተር የሚፈልገው 8 ዋት አካባቢ ብቻ ነው፤ 32 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ሚኒ ዩፒኤስ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ የቮልቴጁንም መዋዠቅ ይሸፍናል። ግዢው ላይ የሚታየው የራውተሩ ቻርጀር 9 ቮልት ይሁን 12 የሚለው ነው፤ መቀላቀል መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። በነጎድጓድ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ሽቦ ይንቀሉ፤ ብዙ የመዳብ ሞደም የሚሞተው በዚያ ሽቦ በኩል በሚገባ መብረቅ ነው።

ኢንተርኔት ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከተቻለ ሁለት መንገድ ይያዙ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡ የቅርብ ትዝታ ነው። መስመር ያለው ሰው ትንሽ የሞባይል ጥቅል በተጠባባቂነት፣ ሲም ብቻ ያለው ደግሞ መስመር ማስገባት ይቻል እንደሆነ በየጊዜው መጠየቅ አለበት።

የራውተሩን የይለፍ ቃል ከሣጥኑ ሲወጣ እንደነበረ አይተዉት። ሰፈር ሙሉ የሚያውቀው ዋይፋይ ስንት ሜጋ ቢሆን አይበቃም፤ ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ቃል ይስጡት፣ ደብልዩፒኤስ የሚለውንም ያጥፉ።

በመጨረሻ ልኬቶቹ ሁሉ በደብተር ይጻፉ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማውረጃው፣ መላኪያው፣ በሲም ከሆነም ዲቢኤሙ። “ኔት ደክሟል” የሚል ቅሬታ በየቀኑ ይመጣል፤ የሳምንት ልኬት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ግን ለባለሙያው የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። ወደ 994 ሲደውሉ ወይም ወደ ቴሌ ሱቅ ሲሄዱ ያን ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ የአቤቱታ መለያ ቁጥር ይጠይቁና እዚያው ደብተር ላይ ያስፍሩት።